በመቶ ዶላር አካባቢ ጥሩ የባስ ማጥመጃ መግዛት ይቻላል? ጥያቄና መልስ

ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ የሚጠይቁኝ ወገኖች ጸደይ ሲገባ የሚያነሡት ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ቤይትካስተር የሚባለውን ሪል (የክር መጠቅለያ) ከነዘንጉ መግዛት እንፈልጋለን፣ ብዙ ገንዘብ ግን ማውጣት አንችልም። የዛሬው ውይይት ለዚህ ክፍት ነው። የምታጠምዱበትን ውኃ ስም ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ለፖቶማክ ወንዝ የውኃ ውስጥ ሣር የሚሆነው ዕቃ ለበርክ ሐይቅ ዳርቻ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ እስካሁን የማጠምደው በስፒኒንግ ሪል ነው። ቤይትካስተር በምን ይለያል? መቀየርስ አለብኝ?

በስፒኒንግ ሪል ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ቆሞ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ቤይትካስተር ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፤ ስትወረውር ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል፣ አውራ ጣትህ ደግሞ ክሩ ላይ ሆኖ ይቆጣጠረዋል። ጥቅሙም ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ወፍራም ክር ይችላል፣ ከባድ ማታለያን (ዓሣው ምግብ መስሎት የሚጎርሰውን) ከፈለግህበት ቦታ ላይ ያሳርፋል፣ ዓሣውን ከሣርና ከግንድ መካከል ጎትቶ ለማውጣት ጉልበት አለው። ነገር ግን ማታለያው አየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ማጠንጠኛው አብሮ ካልቀነሰ፣ የተረፈው ክር መውጫ አጥቶ እዚያው ይተበተባል።

ይህን ዓይነቱን ሪል በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለባስ ብለው የሠሩት የኬንታኪ ሰዓት ሠሪዎችና ብር አንጥረኞች ናቸው። ጥቃቅን ጥርሶችን አጣጥሞ መግጠም የእነርሱ ሙያ ነበርና።

መቀየር የለብህም፤ መጨመር ነው ያለብህ። ከሩብ ኦውንስ በታች ለሆነ ቀላል ማታለያ ስፒኒንጉ ይሻላል፤ ርካሽ ቤይትካስተር ቀላል ነገር መወርወር አይችልም። ስለዚህ ያለህን አትሽጠው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ሰማንያ ዶላር አለኝ። የቱን ልግዛ?

ሪልና ዘንግ አንድ ላይ የሚሸጡ ከሆነ በ80 እና በ120 ዶላር መካከል እውነተኛ ምርጫ አለ። ከ50 ዶላር በታች ያሉትን አልመክርም። ዘንጋቸው ሊያገለግል ይችላል፤ የሪላቸው ፍሬን (የማጠንጠኛውን ሽክርክሪት የሚያቀዘቅዘው) ግን ያልተስተካከለ ስለሚሆን ለጀማሪ ትዕግሥት ይፈታተናል። ብዙ ሰው ከቤይትካስተር የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የዕቃው ሆኖ ሳለ ራሱን ይወቅሳል።

በዚህ ዋጋ ከማምናቸው አንዱ የአቡ ጋርሲያ ብላክ ማክስ ነው። ፍሬኑ በማግኔት የሚሠራ ሲሆን ማስተካከያው ከሪሉ ጎን በውጭ በኩል ነው፤ ክዳን መክፈት ሳያስፈልግ በጣት ይዞራል። ዘንግ መስበር ለሚፈራ ሰው የአግሊ ስቲክ ዘንግ ከባድና ደንዘዝ ያለ ቢሆንም ጥንካሬው አያሳስብም። የሉውስና የካስትኪንግ ዕቃዎችም በዚህ ዋጋ ክልል ይገኛሉ። በጀቱ ወደ 180 ዶላር ከፍ ሲል ግን አንድ ላይ የሚሸጠውን ትቶ እንደ ሺማኖ ኤስኤልኤክስ ያለ ሪል ለብቻው፣ ዘንጉንም ለብቻው መግዛት ይሻላል።

ከዕቃው ዋጋ ሌላ ለክር የሚሆን አሥር ዶላር ያዙ። አብሮ ተጠቅልሎ የሚመጣ ክር ካለ አውጥታችሁ በአዲስ ተኩት።

ጥያቄ (ከውድብሪጅ)፦ አንዱ አሥር ኩሽኔታ አለው፣ ሌላው አምስት። አሥር ያለው አይሻልም?

በርካሽ ሪል ላይ አይሻልም። ማጠንጠኛውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ጥራት ካላቸው ሪሉ ጥሩ ይወረውራል። የቀሩት በእጀታውና በሌሎች ክፍሎች ውስጥ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥር ያሳድጋሉ፣ ውርወራውን ግን አያርቁትም። በዚያው ዋጋ አምስት ደህና ኩሽኔታ ያለው፣ አካሉ የማይላላ፣ ጥርሱ ናስ የሆነ ሪል ካገኛችሁ እርሱን ውሰዱ።

ጥያቄ (ከፌርፋክስ)፦ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም። ርዝመቱስ ስንት ይሁን?

ከእጀታው ከፍ ብሎ ሦስት ነገር ተጽፎ ያገኙታል፦ ርዝመት፣ ጉልበትና የአጎነባበስ ዓይነት፤ ከጎኑም የሚችለው የክርና የማታለያ ክብደት። አንድ ዘንግ ብቻ ለሚገዛ ሰው 7 ጫማ፣ ጉልበቱ መካከለኛ ከባድ፣ አጎነባበሱ ፈጣን የሆነ ይበቃዋል። ፈጣን ማለት ጫፉ ብቻ የሚጎነበስ፣ ወገቡ ቀጥ ብሎ የሚቀር ማለት ነው። ባሱ ማታለያውን ሲጎርስ መንጠቆውን በጠንካራው አፉ ውስጥ የሚተክለው ይህ ነው። ለጎማ ትል፣ ለጂግ (እርሳስ ለተገጠመለት መንጠቆ) እና ለስፒነርቤይት (ሲጎተት የሚሽከረከር ቅጠል ላለው ማታለያ) ሁሉ ያገለግላል።

ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ላለው ክራንክቤይት (ዓሣ ለሚመስል ጠንካራ ማታለያ) ብቻ አጎነባበሱ ለስለስ ያለ ዘንግ ይሻላል። ደረቅ ዘንግ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ስለሚነቅለው ነው። ይህ ግን ሁለተኛ ዘንግ ሲገዙ የሚታሰብ ነው።

በርክ ሐይቅ ከዳርቻው ቆመው የሚያጠምዱ ከሆነ ዛፎቹ ከኋላዎ ስለሚጠጉ 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነው እጅዎን አያጣብብም። የማታለያው ክብደት ከሩብ ወይም ከሦስት ስምንተኛ ኦውንስ ጀምሮ እስከ ሦስት አራተኛ ወይም አንድ ኦውንስ የሚል ቢሆን መልካም ነው።

ጥያቄ (ከሃያትስቪል)፦ ሪሉ ላይ የተጻፈው 6.4 ለ 1 ምን ማለት ነው?

እጀታውን አንድ ዙር ስታዞረው ማጠንጠኛው 6.4 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ሪል ከ6 እስከ 7 ያለው ተስማሚ ነው። 8 የሚሉት ከሣር ውስጥ ክርን ቶሎ ለመሰብሰብ ይጠቅማሉ፤ ጥልቅ የሚሄድ ክራንክቤይት ሲጎትቱባቸው ግን ክንድ ያደክማሉ።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን)፦ ገዛሁት፤ ግን በወረወርኩ ቁጥር ይተበተባል። ልመልሰው ብዬ አስቤያለሁ።

አትመልሰው። ይህን ጥያቄ በሰፊው ልመልስ፣ ገንዘብ የሚያድነው እዚህ ላይ ነውና።

ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። አንደኛው ከእጀታው አጠገብ ያለ ትንሽ ቁልፍ ሲሆን ማጠንጠኛውን ከጎን ይጫነዋል። ግማሽ ኦውንስ የሆነ ማታለያ ከዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠልጥልና ማጠንጠኛውን የሚለቀውን የአውራ ጣት ቁልፍ ተጫን። ማታለያው ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ መሬት ሲነካ ማጠንጠኛውም በዚያው ቅጽበት መቆም አለበት። መሽከርከር ከቀጠለ ከእጀታው አጠገብ ያለውን ትንሹን ቁልፍ አጥብቅ። ማታለያውን በለወጥህ ቁጥር ይህን ድገም፤ ክብደቱ ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ማግኔት ከሆነ ከጎኑ ያለውን መዘውር ወደ ከፍተኛው ቁጥር አድርሰው። በአንዳንድ ሪሎች ፍሬኑ በክዳኑ ውስጥ ያሉ ትናንሽ መጫኛዎች ናቸው፤ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ተገፍተው ያቀዘቅዛሉ፤ ሁሉም እንዲሠሩ አድርጋቸው። ርቀቱ ይቀንሳል፣ ግድ የለም። እጅህ ሲለምድ ፍሬኑን አንድ አንድ ቁጥር እያላላህ ትሄዳለህ።

ከዚያ መናፈሻ ሣር ላይ መንጠቆ የሌለው ግማሽ ኦውንስ ክብደት አስረህ ተለማመድ። መጀመሪያ አንድ ረጅም ውርወራ ያህል ክር አውጣ፤ ማጠንጠኛው ላይ በቀረው ክር ላይ የፕላስተር ቁራጭ ለጥፍ፤ የወጣውን መልሰህ ጠቅልል። ክሩ ቢተበተብ እንኳ ከፕላስተሩ በታች አይወርድም፤ ክርህ ሁሉ ተበላሽቶ አይጣልም። በግርፋት ሳይሆን በለሰለሰ ዥዋዥዌ ወርውር፤ ጀማሪን የሚጎዳው የመጀመሪያው ድንገተኛ ጉልበት ነው። ነፋስ ከፊትህ ሲመጣም ፍሬኑን ጨምር። ዋናው ነገር፦ ማታለያው ውኃውን ሊነካ ሲቃረብ አውራ ጣትህ ማጠንጠኛውን ያቁመው። ይህን የሚሠራልህ ሪል በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

የተተበተበውን ለመፍታት በመቀስ አትቸኩል። አውራ ጣትህን ማጠንጠኛው ላይ አጥብቀህ ጫን፣ እጀታውን ሁለት ሦስት ዙር አዙር፣ ከዚያ ልቀቅና ክሩን ቀስ ብለህ ጎትት። አብዛኛው ይፈታል።

ጥያቄ (ከሮክቪል)፦ የትኛውን ክር? ብሬድ የሚባለውን ሁሉም ይመክሩኛል።

ለመማሪያ 12 ፓውንድ የሚችል ተራ ናይሎን ክር ይግዙ። ርካሽ ነው፣ ሲተበተብም ለመፍታት ይቀላል። ማጠንጠኛውን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀሩ። ብሬድ (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ክር) ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ሣር ይቆርጣል፤ ግን ለስላሳ ማጠንጠኛ ላይ ብቻውን ከተጠቀለለ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይሎን ያስቀድሙ።

ጥያቄ (ከላውረል)፦ ግራኝ ነኝ። እጀታውን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ይቻላል?

አይቻልም። ስፒኒንግ ላይ ይቻላል፤ ቤይትካስተር ግን ሲሠራ ጀምሮ የአንድ ጎን ነው። ካርቶኑ ላይ ቀኝ የሚለው እጀታው በቀኝ በኩል መሆኑን ነው። ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው ቤት ሲደርስ ነው የሚያውቀው።

ጥያቄ (ከማናሳስ)፦ ያገለገለ ብገዛስ?

ሪሉ በደንብ ከተያዘ ጥሩ ሐሳብ ነው። እጀታውን ወደ ኋላ ለማዞር ሞክሩ፣ መንቀሳቀስ የለበትም። ማጠንጠኛውን ነክታችሁ ስታሽከረክሩት ሳይንቀጫቀጭ ረጅም ጊዜ መዞር አለበት። ክሩን በእጅ ስትጎትቱ በእኩል ጉልበት ይለቅ፤ ቆም ቆም እያለ የሚለቅ ከሆነ ትልቅ ዓሣ ክሩን ይበጥሰዋል። ዘንጉ ላይ ጥጥ ይዛችሁ በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ፤ ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ክራችሁን እየላጨ ይበጥሳል። ዘንጉ ራሱ የተጫረ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ ተዉት። የግራፋይት ዘንግ ከተጎዳበት ቦታ ነው የሚሰበረው።

ጥያቄ (እናት፣ ከገርመንታውን)፦ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ቤይትካስተር ግዢልኝ እያለ ነው። ገና አይደለም?

እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ ይችላል። ሪሉ በመዳፉ ውስጥ የሚገባ አነስተኛ፣ ዘንጉ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ፍሬኑ የማግኔት ይሁን። ብላክ ሂል መናፈሻ ያለው ሊትል ሴኔካ ሐይቅ ለእናንተ ቅርብ ነው። በሜሪላንድ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እርስዎ ዘንግ ከያዙ ግን ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ (ከፎርት ዋሽንግተን)፦ ፖቶማክ ላይ ሣሩ ውስጥ ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣም ይያዝልኛል። ይኸው ዕቃ ይችለዋል?

ይችላል፣ ክሩን ከቀየርክ። ሃይድሪላ የተባለው ሣር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ባሱ በዝቷል፤ ስኔክሄድ ደግሞ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱም ሣሩ ጠርዝ ላይ ያደባሉ። በማታዎማን ክሪክ ውኃው ወደ ባሕር ሲወርድ ዓሣው ከሣሩ ውስጥ ወደ ጠርዙ ስለሚወጣ፣ የማዕበሉን (የውኃውን መውጣትና መውረድ) ሰዓት ሰሌዳ አይተህ ሂድ። መካከለኛ ከባድ ዘንግ፣ 50 ፓውንድ ብሬድና ከውኃው ላይ የሚንሳፈፍ የጎማ እንቁራሪት ይበቃሃል። ለስኔክሄድ መንጠቆውን ስትተክል አትለሳለስ፤ አፉ አጥንት ነው። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። ከነሕይወቱ ማጓጓዝ በሕግ ስለተከለከለ እዚያው ግደለው።

ባሱን ግን መልሱ እላለሁ፣ በተለይ እንቁላል በሚጥልበት ወራት። በወንዙ ማዕበል በሚደርስበት ክፍል ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ከ15 ኢንች ያነሰ ባስ መያዝ አይፈቀድም፤ በሌላው ጊዜ ገደቡ 12 ኢንች ነው። ደንቡን በየዓመቱ ፈቃዳችሁን ስታድሱ ተመልከቱ። ዲሲ ውስጥ፣ ለምሳሌ ፍሌቸርስ ኮቭ፣ ለማጥመድ የዲሲ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ ይዤው ብሄድስ?

የት ለማጥመድ እንዳሰብክ ይወስነዋል። ጫሞ ሐይቅ ያለው ናይል ፐርች ከ50 ኪሎ በላይ የሚደርስ ዓሣ ነው፤ የባስ ሪል የሚይዘው ክር ያልቅብሃል። የባሌ ወንዞች ውስጥ ያለው፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት ደግሞ በትንንሽ ማታለያ ስለሚያዝ ለዚያ ስፒኒንጉን ውሰድ። ጣና ላይ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ትልልቅ የቢልጫ ዓይነቶች አሉ፤ ሦስት ስምንተኛ ኦውንስ የሚመዝን የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ከጀልባ ወርውርላቸው፣ እዚያ ያንተ ቤይትካስተር ልኩ ነው። ዘንጉን ግን ሁለት ቦታ የሚፈታ ግዛ፤ 7 ጫማ ወጥ ዘንግ አውሮፕላን ላይ ተጨማሪ ያስከፍላል።