ጅማ ዝናብ ሲይዛት ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ምን እንሥራ ላልሽው

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ መጥተሽ ቆጪ ሰፈር እንደተከራየሽ ጽፈሻል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሁለቱ ልጆች ከቲቪና ከስልክ አልላቀቅ ብለውሻል፣ ዝናቡም አላስወጣ ብሏል። እኔ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው። 3 ልጆች አሉኝ። ያለፍኩበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ፣ የጅማ ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም። መጋቢት አካባቢ ይጀምርና መስከረምን አልፎ አንዳንዴ ጥቅምት ይገባል። ስለዚህ እስኪያባራ እንታገስ ካልሽ ከግማሽ ዓመት በላይ መታገስሽ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክረምት እንደዛ መስኮት ስር ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። በኋላ የዝናቡን ሰዓት ለመድኩ። እኛ ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይከፍታል፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ይጠቁራል፣ ከዛ ይለቀዋል። ገበያውንም ልብስ ማጠቡንም የልጆቹን ሩጫም እስከ ስድስት ሰዓት እጨርሳለሁ። ጠዋት ሲሮጥ ያረፈደ ልጅ ከሰዓት ይቀመጥልሻል፣ ሲተኛ ያረፈደ ግን ምንም ብትሰጪው አይቀመጥም።

ከሰዓቱን የያዘልን ቡና ነው። ቡና ሁሉም ቤት አለ ትይኝ ይሆናል፣ ግን ለልጆቹ ሥራ ሰጥተሽ ሞክሪው። እኔ አንዳንዴ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እገዛለሁ። ትልቁ በሙቀጫ ይወቅጣል፣ መካከለኛዋ ገለባውን ታበጥራለች፣ ትንሹ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማል። ይሄ ብቻውን አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዛ መቁላት፣ ከዛ ትንሹ ጃንጥላ ይዞ ጎረቤት ይጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ዝናቡም ይደክማል። ጎረቤት ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሳታስቢው ቤቱ ይሞላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጣም አደራ እልሻለሁ። ያን የመጀመሪያ ክረምት ብርድ ገባ ብዬ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ ከሰል ላይ ቡና አፈላሁ። ራሴን ወቀረኝ፣ ልጄ አስመለሳት፣ የበላችው ምግብ መስሎኝ እሱን ሳስብ ቆየሁ። ጎረቤታችን ድንገት ገብታ ባትከፍተው ምን እንደምንሆን እንጃ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ዝናቡ ወደ ውስጥ ቢረጭም በሩ ክፍት ይሁን፣ ወይም በረንዳ ላይ አፍዪ። ቡናው ሲያልቅ ምድጃው ውጪ ይደር። ቤት ለማሞቅ ብለሽ ከሰል ይዘሽ እንዳትተኚ።

ለልጆቹ ጨዋታ ገንዘብ አታውጪ። እኛ ገበጣ የሠራነው ከእንቁላል ካርቶን ነው። 30 እንቁላል የሚይዘው ሰሌዳ 5 ረድፍ አለው፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ። ሁለቱን ረድፍ ቆርጠሽ ታወጫለሽ፣ 12 ጉድጓድ ሆነ። በየጉድጓዱ 4 ጥሬ ቡና ታስቀምጫለሽ፣ 48 ፍሬ። አጨዋወቱ እንደየአገሩ ይለያያል፣ እኛ ቤት አንዱን ጉድጓድ አንስተሽ አንድ አንድ እያልሽ ትዘሪያለሽ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ካረፈች ያንን አንስተሽ ትቀጥያለሽ፣ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው የሌላው ነው። ትንሹ ልጄ ቁጥር የለመደው በዚህ ነው። አሁን ጉድጓዱን በዓይኑ አይቶ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ይነግረኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንቆቅልሽ። ዝናብ ሲበረታ መብራት መጥፋቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ፓወር ባንኩንና የእጅ ባትሪውን ጠዋት ሙዪ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" ያላወቀ አገር ይሰጣል። የኔ ልጆች ጅማን አንሰጥም ብለው ይጣላሉ፣ አዲስ አበባን ግን ቶሎ ይሰጣሉ። የጎረቤት ልጆች በኦሮምኛ ሂቦ ይላሉ፣ ያው የነሱ እንቆቅልሽ ነው። የኔዎቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ኦሮምኛ ያስተማራቸው ዝናቡ ነው ብል አልዋሸሁም። አንቺ ለከተማው አዲስ ስለሆንሽ ከሁሉ በላይ ይሄን አታሳልፊው።

ከቤት መውጣት ግድ ካላችሁ የጅማ ሙዚየም አለ። የአባ ጅፋር ዕቃዎች እዛ ናቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ፣ ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸው ሳይፈርስ ያቆዩ ሰው ናቸው። ይሄን በመንገድ ላይ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ዕቃውን ሲያዩ ሌላ ይሆንላቸዋል። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን እሱን ጠዋት እንጂ ከሰዓት አትሞክሩት። ከዛ ስንመለስ ልጄ የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር ብቻ ኖረው ብሎ ጠየቀኝ። በርጩማ የሚጠርቡበት ቤት ጥግ ተጠልለን ጠየቅናቸው። ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስት እግር አይወላውልም አሉት። በርጩማው ከአንድ ግንድ ሲወጣ እያየ ዝናቡ ማባራቱን እንኳ አላወቀም።

ኳስ ማሳያ ቤቶችን ከልጆች ጋር አልመክርሽም፣ ተጨናንቀው ነው የሚውሉት። ጫት ቤቱም ብዙ ነው፣ ስንት ጎበዝ ልጅ ክረምቱን እዛ ሲጨርስ አይቻለሁና ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ ከሰዓታቸውን ከአሁኑ ያዥላቸው።

ስልኩን በአንዴ አትንጠቂያቸው። እኔ ነጥቄ አይቻለሁ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ነበር። ቡናው ከተነሳ በኋላ አንድ ሰዓት ስሰጣቸው ተስማሙ። የእንቁላል ካርቶኑን ደግሞ ዛሬውኑ ሰፈር ካለው ሱቅ ጠይቂ፣ ባዶውን በነጻ ይሰጡሻል። ሁለት ውሰጂ፣ አንዱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ መቀደዱ አይቀርም።