ኤፒፎን ወይስ ስኳየር? ለድሬ ጊታሪስት የምመክረው

ወንድሜ፣ የጠየቅከውን ደግሜ አነበብኩት። አጎትህ በቅርቡ ከአሜሪካ ይመጣል፤ ጊታር ላምጣልህ ብሎሃል። አንተ ሠርግ ላይ ከባንድ ጋር ትጫወታለህ፣ ልብህ ያለው ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ሞዴል ላይ ነው፣ ጊብሰን ግን ከአቅም በላይ ሆነብህ። ስለዚህ ኤፒፎን ላስመጣ ወይስ ስኳየር፣ ወይስ እዚሁ አንድ ሰው «ጊብሰን ነው» ብሎ በርካሽ ያቀረበልኝን ልውሰድ ነው ጥያቄህ። እኔ ድሬ ላይ ጊታር እየተጫወትኩም የሰው ጊታር እየጠገንኩም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ፦ ስኳየር ስትራቶካስተር አስመጣ፣ ከቻልክ ክላሲክ ቫይብ የሚባለውን።

መጀመሪያ ያንን «ጊብሰን» እርግፍ አድርገህ ተወው። የለጠፍከውን ፎቶ አጉልቼ አይቼዋለሁ። አናቱ ላይ ያለችው ደወል መሳይ ጥቁር ሽፋን በሦስት ብሎን ነው የታሰረችው፤ ጊብሰን በሁለት ብሎን ነው የሚያስራት። ሰውዬው ከፈቀደልህ ሽፋኗን በካቻቢቴ አንሣት። እውነተኛ ጊብሰን ከሆነ ውስጡ ባለስድስት ጎን የናስ ዳዶ ታያለህ፤ በብሩጎላ የሚዞር ቀዳዳ ካየህ ግን ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ጊታር ላይ ገንዘቡ የሄደው ስሙ ላይ ነው፤ ፒክአፑንም (የክሩን ንዝረት የሚይዘውን ማግኔት)፣ የውስጥ ሽቦውንም፣ መቃኛዎቹንም ማን እንደሠራቸው አታውቅም፣ ሲበላሽም የምትጠይቀው የለም።

ስኳየርና ኤፒፎን ግን ፎርጅድ አይደሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀላቅላል። ኤፒፎንን የጊብሰን እናት ኩባንያ የገዛው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ከ1970 ጀምሮ ሥራው ወደ ጃፓን ሄደ፣ ዛሬ አብዛኛው ቻይና ነው የሚሠራው። ስኳየር ደግሞ ፌንደር፣ የስትራቶካስተር ባለቤት፣ በ1965 የገዛው የክር ፋብሪካ ስም ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች የፌንደርን ቅጂ በጥሩ ጥራትና በርካሽ ሲያወጡ፣ ፌንደር ራሱ በ1982 እዚያው ጃፓን ውስጥ በስኳየር ስም ማምረት ጀመረ። ፒአርኤስ የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ኩባንያም በ2001 ኤስኢ የሚለውን መስመር ኮሪያ ውስጥ አስጀመረ፤ አሁን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኮርት የሚባል ጊታር አምራች ነው የሚሠራለት። ያው ኮርት ስኳየርም ይሠራል። ንድፉና ቁጥጥሩ ግን የባለቤቱ ነው።

ታዲያ ጊብሰን ሌስ ፖል ስታንዳርድ ከ2,500 ዶላር በላይ ሲሸጥ ኤፒፎኑ ለምን ከዚያ ሲሶ በታች በሆነ ዋጋ ይገኛል? ትልቁ ልዩነት የሰው ጉልበት ነው። የአሜሪካ ሠራተኛ ደሞዝ አለ፤ ፍሬቶቹን፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር በአግድም የተሰኩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፍ ጫፋቸውን ሞርዶ ለማለስለስ፣ ቀለሙን ደጋግሞ ቀብቶ ለማድረቅ የሚወስደው ሰዓት አለ። ቀጥሎ እንጨቱ ይመረጣል፣ ፒክአፑና የኤሌክትሪክ ዕቃው ይሻላል። እዚህ ላይ ለድሬ ሰው የሚጠቅም ነገር ልንገርህ። ጊብሰን የሚቀባው ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ስስ ቀለም ነው። ሙቀት አይወድም፤ የጊታር ማቆሚያ ላስቲክ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበትም ይሰነጣጠቃል። ርካሾቹ የሚቀቡት ፖሊ ግን ወፍራምና ደረቅ ነው። በግንቦት ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ጊታር ፖሊ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሌስ ፖልን ለምን አልመከርኩህም? ኤፒፎን መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አዲሶቹ ፕሮበከር ፒክአፕ ያላቸው ሌስ ፖሎች በጣም ጥሩ ጊታሮች ናቸው፤ ሮክ ወይም ብሉዝ ብትጫወት አፌን ሞልቼ ውሰድ እልህ ነበር። አንተ ግን ሠርግ ነው የምትጫወተው። እዚህ ሠርግ ላይ ጊታር ዋና ሥራው ችክችካውን ከከበሮውና ከኪቦርዱ መሀል ቆርጦ ማውጣት ነው። የስትራት ክር 648 ሚሊሜትር ነው፣ የሌስ ፖል 628 አካባቢ። ረጅሙ ይበልጥ ይወጠራል፣ ድምፁ ቶሎ ይመታል፣ ጥርት ይላል። የስትራትን የፒክአፕ መቀየሪያ ሁለተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ አድርገህ ጭቅ ጭቅ ስታደርገው ኪቦርዱ አይሸፍነውም። የሌስ ፖል ሃምበከር የሚባለው ባለሁለት ጥቅል ፒክአፕ ግን ወፍራም ስለሆነ ከኪቦርዱ ድምፅ ጋር ይደባለቃል። በአሊ ቢራ ዘፈን ዑዱ የሚሄድበትን መስመር በጊታር ስትይዝም ነጠላው ድምፅ እንደዚያ ተለይቶ መሰማት አለበት። ክብደትም አለ፦ ሙሽራ እስኪሸኝ ድረስ አራት ኪሎ የሚሆን ጊታር አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል።

ሌላው የአጎትህ ሻንጣ ነው። የስትራት ኔክ (ክሮቹን የምትጫንበት ረጅሙ ክፍል) በአራት ብሎን ነው ከአካሉ ጋር የተያያዘው። ክሮቹን አላልቶ ብሎኖቹን ከፈታ ሁለቱንም በልብስ ጠቅልሎ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ያስገባቸዋል። ሌስ ፖል በሙጫ ነው የተገጠመው፣ አይፈታም። በዚያ ላይ አናቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሻንጣ ሲጣል የሚሰበረው እሱ ነው። ጥገና ከሚመጣልኝ ሌስ ፖል መሳይ ብዙው አናቱ የተሰነጠቀ ነው።

ከስኳየሮቹ መካከል ሶኒክ ለጀማሪ ነው። አፊኒቲ ይሻላል፣ ፒክአፑ ግን ሴራሚክ ማግኔት ነው ያለው፣ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል። ክላሲክ ቫይብ አልኒኮ ማግኔት አለው፤ መቃኛዎቹም የተሻሉ ናቸው። ኪስህ ለአፊኒቲ ብቻ ከበቃ ውሰደው፣ ፒክአፑ በኋላ ይቀየራል። ኔኩን መቀየር ግን እንደ ፒክአፑ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አጎትህ ሲገዛ ኔኩን በዓይኑ በቁመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከት፣ ጠመም ያለውን አይውሰድ። ፒአርኤስ ኤስኢ ከሁሉም በላይ ተጣርቶ የተሠራ ነው፣ የብዙዎቹ ዋጋ ግን ወደ 1,000 ዶላር ስለሚጠጋ እዚህ አልገባሁበትም።

ድሬ ሲገባ የሚሆነውን ልንገርህ። አየራችን ደረቅ ነው፤ እንጨቱ ወርዱ ላይ ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ብረት ግን አይኮማተርም። ከሳምንታት በኋላ እጅህን በኔኩ ጠርዝ ስታስኬድ ጫፎቹ ይቧጭሩሃል። ሐረር ያለ ሰው ይህ ያን ያህል አይገጥመውም፣ ወደ እኛ ይዞት ሲወርድ ግን ያየዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ በደቃቅ ሞረድ ጫፉን አጋድመህ ትሞርደዋለህ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለህ። ግን እንጨቱ ተኮማትሮ እስኪጨርስ ጠብቅ፤ በመጣ ማግስት ብትሞርደው እንደገና ይወጣል።

ሁለተኛው ነቱ ነው፣ ክሮቹ ወደ መቃኛው ከማለፋቸው በፊት የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ። ርካሽ ጊታር «አይቃኝም» ተብሎ ሲመጣልኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መቃኛው አይደለም። ስትቃኝ «ጥክ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ ነቱ ላይ ተይዟል ማለት ነው። እርሳስ ቅረጽና ጥቁሩን ዱቄት ቦዩ ውስጥ አሽተው። ካልበቃ ቦዩ በጣም በጥቂቱ ይሰፋል፤ ያንን ለሚያውቅ ሰው ስጥ፣ አንዴ ከጠለቀ አይመለስም። ትሬሞሎውን (ድምፁን የሚያወዛውዘውን እጀታ) ሠርግ ላይ ስለማትጠቀምበት ከኋላ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቀህ ብሪጁን (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበትን ብረት) አካሉ ላይ አስቀምጠው። ትዝታ ላይ ክሩን ጎትተህ ስታለቅስበት ሌሎቹ ክሮች ቅኝታቸውን አይለቁም።

አቦ፣ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላምጣልህ ካለህ ግን እንቢ በለው። አብዛኛው የአሜሪካ አምፕ በ120 ቮልት ብቻ ነው የሚሠራው፣ እዚህ 220 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል። በዚያ ገንዘብ ውፍረቱ 10 የሚባለውን ክር ጥቂት እሽግና አንድ ደቃቅ የፍሬት ሞረድ ይግዛልህ፤ ክሩ እዚህ በላብና በአቧራ ቶሎ ይዝጋል፣ ሞረዱን ደግሞ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ፈልጌ አላገኘሁትም።