ጋሼ፣ ማሽኑን ከመቀየርዎ በፊት ቢላውን ይሳሉት

ሰሞኑን ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ አካባቢ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የላኩልኝ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ልጄ፣ ግቢዬ ትንሽ ናት፤ 10 በ15 ሜትር ብትሆን ነው። አምና ያገለገለ፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ እየተገፋ የሚሄድ የሣር ማጨጃ ገዛሁ። ዘንድሮ ክረምቱ ከገባ ወዲህ አስቸገረኝ። ያጓራል፣ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሣሩም ከታጨደ በኋላ ደስ አይልም፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። የጎረቤት ልጅ በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ ነው የሚያጭድልኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ አዲስ ልግዛልህ ይለኛል። የማያስቸግረው የትኛው እንደሆነ ንገረኝ።»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝ ስለ አዲስ ማሽን ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን ማሽንዎ ያለቀለት አልመሰለኝም። ሦስት ነገር ነግረውኛል፦ ሣሩ ቢጫ የሚለው ከታጨደ በኋላ ነው፣ የሚታጨደው በወር አንዴ ነው፣ የሚታጨደውም በጠዋት ነው። ሣሩ በሽታ ቢይዘው ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሆነ ይደርቅ ነበር። ምግብ አንሶት ቢሆን ደግሞ ሳይታጨድም ቢጫ ይሆን ነበር። የእርስዎ ሣር ማሽኑ ካለፈበት በኋላ ብቻ ነው የሚታመመው። ስለዚህ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ የማሽኑ ቢላ ደንዟል።

እርግጠኛ ለመሆን ቀላል መንገድ አለ። ሣሩ በታጨደ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ይንቀሉና አናቱን በደንብ ይዩት። በስለት የተቆረጠ ቅጠል አናቱ ቀጥ ያለ ነው። በደነዘዘ ቢላ የታጨደው ግን ልክ ሲያኝኩት እንደዋለ የመፋቂያ ጫፍ ይሆናል፤ ተበጣጥሶ፣ ክር ክር ብሎ፣ ጫፉ ነጣ ብሎ ያገኙታል። ያ የተበጣጠሰ ጫፍ ነው ሲደርቅ ከሩቅ ቢጫ መስሎ የሚታየው። እርስዎ ዕድሜዎን ከጨርቅ ጋር ስለኖሩ ይህ አይጠፋዎትም፤ በዶለዶመ መቀስ የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። የሣር ማጨጃ ራሱ የተወለደው ከጨርቅ ፋብሪካ ነው። በፈረንጆቹ 1830 ኤድዊን ባዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ የጨርቅን ፀጉር ከላይ የሚከረክመውን ማሽን አይቶ ነው ይህንኑ ለሣር ያደረገው።

የሞተሩም ማጓራት ከዚሁ ይመጣል። የደነዘዘ ቢላ ሣሩን እየደበደበ ነው የሚበጥሰው፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። በዚህ ላይ የወር ሣር፣ ያውም ሌሊት ዝናብ ሲጠጣ ያደረ፣ ያውም በደነዘዘ ቢላ! ቀጥ ባይል ነበር የሚገርመኝ።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህ ነው። አንድ ሞረድ ያስፈልግዎታል። ከሌለዎት ከጎረቤት ይዋሱ፣ ካጡ ይግዙት፤ ከአዲስ ማሽን ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቀጥሎ የካንዴላውን፣ ማለትም ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል፣ ገመድ ይንቀሉና ዞር አድርገው ያስቀምጡት። ይህንን አደራ እንዳይዘሉብኝ። ገመዱ ካልተነቀለ ቢላውን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ይወስዳል። ከዚያ ማሽኑን በጎኑ ያጋድሙት፤ የአየር ፊልትሮው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ዘይቱ ወደ ፊልትሮውና ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ይወርድና ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቤንዚኑ በጋኑ ውስጥ ትንሽ ሲቀር ቢያደርጉት ደግሞ መፍሰሱም ይቀራል።

አሁን የማሽኑን ሆድ ያዩታል። ክረምት ላይ ብዙ ማሽን ገልብጬ አይቻለሁ፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ጭቃ የተለሰነ፣ የሸተተ፣ አረንጓዴ ሣር ነው የሚገኘው። በእንጨት ፍቀው ያውጡት። ይህ ብቻውን እንኳን ሞተሩን ያቀለዋል፤ ቢላው የሚዞርበት ቦታ ያገኛል።

ከዚያ በቢላውና በሆዱ መሃል አንድ ቁራጭ እንጨት ይወትፉ፣ እንዳይዞር። ወደ መሬት የሚያየውን ገጽ በቀለም ወይም በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፣ ሲመልሱት እንዳይገለበጥብዎ። መሃሉ ላይ ያለውን ቡሎን በቁልፍ ይፍቱት። ቢላው እጅዎ ሲገባ ጫፍ ጫፉን ይዩት። ስለቱ ተሸራርፎና ታጥፎ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ። ድንጋይ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ከበዓል የተረፈ አጥንት፤ ይህ ሁሉ በግቢያችን ሣር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ የሚያገኘውም ቢላው ነው።

ሞረዱን ፋብሪካው ባወጣለት ተዳፋት ላይ ብቻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፉ ይሞርዱት። ጠፍጣፋውን ገጽ አይንኩት። እንደ ምላጭ ካላደረግሁት አይበሉ፤ በጣም የሳሳ ጠርዝ መጀመሪያ ያገኘው ጠጠር ላይ ይታጠፋል። እንደ ደህና የወጥ ቤት ቢላ ከሆነ ይበቃል። ጋራዥ ወስደው በኤሌክትሪክ ድንጋይ ካስሳሉት ደግሞ አጠገቡ ይቁሙ። ጠርዙ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ካጋሉት ብረቱ ይለሰልሳል፣ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይደነዝዛል።

ሞርደው ሲጨርሱ ቢላውን በመሃሉ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ባለ ሚስማር አንጠልጥለው ይልቀቁት። አንዱ ጎን ወደ ታች ካዘመመ እሱ ከብዷል ማለት ነው፤ እሱን ጎን ትንሽ ጨምረው ይሞርዱት፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ። ሚዛኑ የተዛባ ቢላ ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሞተሩንም ይጎዳል። ስንጥቅ ካዩበት ግን መሳሉን ይተዉትና ሌላ ቢላ ይግዙ፤ የተሰነጠቀ ቢላ ሲዞር ተሰብሮ ሰው ይመታል። ሲመልሱት ቡሎኑን በደንብ ያጥብቁት። በቃ። በዝግታ ቢሠሩት አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በክረምት በወር አንዴ ያህል ይህን ካደረጉ ማሽኑ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን ብቻ አይደለም፣ በየሰፈሩ የማየው ነገር ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ሣሩን እንደ ልቡ እንዲያድግ እንተወዋለን፤ ከዚያ እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብለን በአንድ ቀን እስከ አፈሩ እንላጨዋለን። ይህ ሣሩን ይገድለዋል። ሣር ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴው ቅጠል ነው፣ ቅጠሉ ያለው ደግሞ ከላይ ነው። እስከ ታች ሲላጭ የገረጣው አገዳ ብቻ ይቀራል፣ ሥሩ ይራባል፣ ባዶ በቀረው ቦታ ሙጃው ይገባል። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ሥሩ ስላጠረ ቶሎ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አይነሳ። የሣርዎን ዓይነት አልነገሩኝም፤ ሰርዶ ከሆነ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆዩት፣ 6 ሲደርስ ይታጨድ። ሲረግጡት እንደ ፍራሽ የሚሰምጠው፣ ወፍራም አገዳ ያለው ኪኩዩ ከሆነ 5 ላይ ይሁን። ጎማው አጠገብ ከፍታ የሚቀይር እጀታ አለ፤ ልጁ ዝቅተኛው ላይ አድርጎት ይሆናል፣ ይዩለት።

ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ ይታጨድ። ቶሎ ቶሎ ሲታጨድ ሥራው ትንሽ ነው፣ ለሞተሩም ይቀላል። ሰዓቱም ይቀየር፤ የሌሊቱ ዝናብ ጠፈፍ ሳይል አይጀመር፣ ከረፋዱ 5 ወይም 6 ሰዓት ይሻላል። ልጁ በነጠላ ጫማ እንዳይገፋው ይንገሩት፤ ሽፍን ጫማ ያድርግ፣ ሕፃናትም ከአጠገቡ ይራቁ። ምናልባት ለዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ቢያገኙት ማሽኑን አያስነሱ። መጀመሪያ በማጭድ ይታጨድና ላም ላለው ይሰጥ፣ ማሽኑ ከሳምንት በኋላ ይግባ።

ማሽኑ ያጨደውን ግን ለከብት ከምረው አይስጡ። ደቅቆ የተከመረ እርጥብ ሣር በሰዓታት ውስጥ ይግልና ይሻግታል፣ ሆድ ይነፋል። በየሳምንቱ ካጨዱ ክርክሙ አጭር ስለሚሆን እዚያው ሣሩ ላይ ይቅር፤ በስብሶ መልሶ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ከበዛ ለጓሮ አትክልቱ ሥር ይበትኑት። ወደ ቦይ የሚጥሉትን ሳይ በጣም ነው የማዝነው። ቦዩን ይዘጋዋል፤ ጎርፉ ጠርጎ ጣና ካስገባው ደግሞ እዚያ በስብሶ ለእምቦጩ ምግብ ነው የሚሆነው።

ቢላው ተስሎ፣ ሣሩም ከዝናቡ ጠፈፍ ብሎ እያለ ማሽኑ አሁንም ቀጥ ካለ፣ ቤንዚኑን ይጠርጥሩ። በሃይላንድ ተቀድቶ ወራት የቆየ ከሆነ ይድፉትና አዲስ ይቅዱ፤ የአየር ፊልትሮውንም አራግፈው ያጽዱት።

እሱም ካልሠራና መግዛት ግድ ከሆነ፣ ለ150 ካሬ ሜትር ግቢ ትልቅ የቤንዚን ማሽን አልመክርዎትም። ልጅዎ በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራ፣ የማጨጃው ስፋት ከ32 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይግዛ። ቀላል ነው፣ ካርቡራተር የለውም፣ ከፍታውም ጉልበቱን እንደ ቤንዚኑ አይቀንስበትም። መብራት ቢጠፋ በነጋታው ያጭዱታል። ገመዱ ግን እርጥብ ሣር ላይ በፍጹም አይጎተት። ባትሪ ያለው ምቹ ነው፤ ባትሪው ሲያረጅ ምትኩን ከየት እንደሚያመጡ ሳያውቁ ግን አይግዙ። ሞተር የሌለው፣ በእጅ ብቻ የሚገፋውም ለእርስዎ ግቢ ይበቃል፤ ሰርዶ ከሆነና በየሳምንቱ ከታጨደ ማለቴ ነው። ኪኩዩን አይችለውም። የትኛውንም ቢመርጥ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን «መለዋወጫ ቢላው አለህ?» ብሎ ይጠይቀው። የለም ካለ ሌላ ሱቅ ይሂድ።

ለጊዜው ግን ልጅዎ ብሩን ይያዝልዎ። ቢላውን ይሳሉት፣ ፀሐይ ወጣ ያለ ቀን ጠብቀው ያሳጭዱና በሦስተኛው ቀን ያንን አንድ ቅጠል ነቅለው ይዩት። አናቱ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።