«ዎአ» ያለው እንግዳ ውሃ ነው የፈለገው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤትም ጎበዝ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የለንደን ሰው ሦስት ጊዜ «ዎአ» ቢለኝ አልገባኝም። በእጁ የመጠጣት ምልክት ሲያሳየኝ ነው ውሃ መሆኑን ያወቅኩት። በጣም አፈርኩ። አንዷ አሜሪካዊት ደግሞ «ዋረር» ትላለች። ትክክሉ የቱ ነው? የቱን ልማር ትላለህ?
ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ደግሞ «ትላለህ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። የድሬ ልጅ ታላቁንም አንተ ይላል፤ አዲስ አበባ ስሄድ እኔንም በዚሁ ነው የሚለዩኝ። የለንደኑም ሰው ያገሩን አፍ ነው የተናገረው። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ዓይነት አነጋገር ብቻ ማስለመዴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ድምፆቹን እኮ ታውቂያቸዋለሽ። በኦሮምኛ ፍየል «ሬኤ» ሲባል መሃሉ ላይ ድምፁ ቁርጥ ይል የለ? እንግዳሽም «ዎተር» (ውሃ) ሲል መሃሏን «ት» በምላሱ ከማለት ይልቅ እንደዚያ ጉሮሮው ላይ ቆረጣት። አሜሪካኖች ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ «ት»ን በምላስ ጫፍ ነካ አድርገው ያልፏታል። ለኛ ጆሮ «ወፏ በረረች» ስንል የምትሰማውን ላላ ያለች «ር» ትመስላለች።

የቃል መጨረሻ «ር» ሌላ ታሪክ አላት። ድሮ እንግሊዝም ውስጥ ትሰማ ነበር። በፈረንጆች 1607 ጄምስታውን የምትባለውን መንደር የቆረቆሩት የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ወደ አሜሪካ የሄዱት እሷን ይዘው ነው። ለንደንና አካባቢዋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እየጣሏት መጡ። ስለዚህ መኪና ለንደን ላይ «ካ» ነው፣ አብዛኛው አሜሪካ ላይ «ካር»። ስኮትላንዶች አልጣሏትም። ቦስተን ግን አሜሪካ ሆና ሳለ የነባሮቹ አፍ «ካ» ይላል።

ለሥራሽ የምሰጋው ለቁጥሩ ነው። ሦስትን ብዙዎቻችን «ስሪ» እንላለን፤ ለንደን ብዙ ሰው «ፍሪ» ይላል፤ አየርላንድ ሄደሽ «ትሪ» ትሰሚያለሽ። «ፍሪ» ደግሞ ነፃ ማለትም ነው! እንግዳው የክፍል ቁጥር ሲነግርሽ ቁልፉን አንስተሽ አሳይው፣ ወይም ጻፊለት። ከማንቸስተር የመጣ ሰው «ቡስ» ካለሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ አውቶቡስ ማለቱ ነው።

የማንንም አፍ ለመቅዳት አትድከሚ። ያንቺ አማርኛ አማርኛ የሚሸት እንግሊዝኛ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አስተካክይ፦ መርከብና በግ በኛ አፍ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። የበጉን አናባቢ ሳብ አድርጊው፣ የመርከቡን አጠር አድርገሽ ላላ አድርጊው። ይህ ካልተለየ ፈረንጁ እውነትም ይሳሳታል።

ጠረጴዛሽ ላይ ትንሽ ደብተር አኑሪ። ያልገባሽን ቃል እንደሰማሽው በፊደላችን ጻፊው፤ አጠገቡ እንግዳው የመጣበትን ከተማ። «ዎአ፣ ለንደን፣ ውሃ» ብለሽ ጀምሪው። አንድ ገጽ ሲሞላ ላኪልኝ፤ እዚሁ ዓምድ ላይ አንድ በአንድ እናየዋለን።