ቴርፕስን ሴፕቴምበር ላይ አትመናቸው

«ልጄ ዘንድሮ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የአሜሪካን ፉትቦል ሲዝን ቲኬት (የዓመቱን የሜዳ ጨዋታዎች በሙሉ የሚያስገባውን) እንግዛ እያለ ነዘነዘኝ። ቡድኑ፣ ቴርፕስ የሚሏቸው፣ ተስፋ አለው ወይስ ገንዘቤን ልበትን ነው?» ላልከው ወንድማችን።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ትልቋ ልጄ ኮሌጅ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ፣ ከገባች ጀምሮ ስቴዲየም እመላለሳለሁ፤ ስናደድ የከረምኩበትን ልንገርህ። በ2023 የመጀመሪያዎቹን 5 ጨዋታዎች አሸነፉ፣ ከዚያ 4 በተከታታይ ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ 4 አሸንፈው ጀመሩና የቀሩትን 8ቱንም ተሸነፉ። ከዋሽንግተን ጋር የተጫወቱ ቀን እዚያው ነበርኩ። 20 ለ 0 እየመራን ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ልጁን «ተነስ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እንውጣ» ብሎ እየሳቀ ወጣ። እኔ ቁጭ አልኩ። 24 ለ 20 ተሸነፍን። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲሰማ ምን እንዳለ እንጃ፣ ብቻ ከእኔ እሱ ይሻላል።

ነገሩ አስማት አይደለም። ሴፕቴምበር ላይ የሚጋበዙት እንደ ታውሰን ያሉ ትንንሾች ናቸው። ከ12ቱ ጨዋታ 9ኙ ግን ቢግ ቴን ውስጥ ነው፤ ሜሪላንድ ያለበት የትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ማለት ነው። ኦሃዮ ስቴትን አንድ ቀን እንኳ አሸንፈው አያውቁም፤ በ2018 በጭማሪ ሰዓት 52 ለ 51 ያመለጠቻቸው እስካሁን ታንገበግበኛለች። አሁን ደግሞ፣ ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋች በቀጥታ እንዲከፍሉ ስለተፈቀደ፣ አንድ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ሲወጣ ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ በትራንስፈር ፖርታል (ተጫዋቾች ትምህርት ቤት በሚቀይሩበት መዝገብ) ሊወስደው ይችላል። ሜሪላንድ ያለውን ብር ከቅርጫት ኳሱም ጋር መካፈል አለበት፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው የሚወደውም ቅርጫት ኳሱን ነው።

«ኢንዲያናስ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በ2023 3 ብቻ ያሸነፈ ቡድን በ2024 አዲስ አሰልጣኝ ይዞ 11 አሸነፈና ፕሌይኦፍ፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ውድድር፣ ገባ። ጎረቤት ሎተሪ ወጣለት ተብሎ ግን ሥራ አይለቀቅም።

እኔ የምጠብቀው 6 ድል ነው፤ ቦውል፣ ሲዝኑ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ተጨማሪ ጨዋታ፣ የሚያስገባው እሱ ነው። ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ዓመት ተከታትለው ቦውል አሸንፈዋል፣ በቡድኑ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የዚያን ጊዜ ምርጥ ውጤታቸው እንኳ 8 አሸንፎ 5 መሸነፍ ነበር። ኖቬምበር ሲገባ ገና ለቦውል የሚታገሉ ከሆነ ለእኔ ዓመቱ ተሳክቷል። 7 ካገኙ ቡና በእኔ።

ሲዝን ቲኬቱን ተወው። ልጅህ ተማሪ ስለሆነ በነፃ ይገባል፣ ለራስህ ሁለት ሦስት ጨዋታ መርጠህ ግዛ። ኦሃዮ ስቴት ሲመጣ ከሄድክ ግን ቀይ ብቻ ለብሰህ እንዳትሄድ፤ እነሱም ቀይ ናቸው፣ ግማሹን ስቴዲየም ይሞሉታል። የሜሪላንድ ባንዲራ ያለበትን ልበስ፣ አለዚያ ልጅህ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ሆኖ ሲያይህ ያፍርብሃል።