መልስ፦ ባሌስትራው ይቆይ፣ ከፍሬኑ ጀምር

ወንድሜ፣ የሠላሳ ዓመት ናፍጣ ሃይሉክስ ገዝተህ፣ ከጅማ ቤተሰብህን ይዘህ ወደ ቦንጋና ሚዛን ለመዞር፣ አልፎ አልፎም ተሳቢ ለመጎተት «ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ላስጨምር ወይ?» ብለሃል። አትቸኩል። እኔ አስጨምሬ ባዶውን ስነዳው ከጋሪ የባሰ አንገጫገጨኝ፤ በሳምንቱ አስወጣሁት።

መጀመሪያ ፍሬን። የግቤን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ተሳቢ ከኋላ እየገፋህ በፍሬን ብቻ ከወረድክ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ቁልቁለቱንም ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።

ቀጥሎ ራዲያተር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈትና ጣትህን አስገባ። ቡናማ ጭቃ ይዞ ከወጣ፣ አስፈትተህ ሳታስጠርግ ከከተማ አትውጣ። ያረጀ ናፍጣ ሞተር አንዴ በጣም ከጋለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ የባሌስትራው ሐሳብ ቅንጦት ይሆንብሃል። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መሣሪያ) ከሌለው ደግሞ ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳልና አታስጨንቀው።

የተሳቢው መንጠቆ ከሻሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር ይታሰር፤ ባምፐር ላይ የሚበይዱትን አትስማ። ጭነቱን ስታስተካክል ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መንጠቆው ላይ ይረፍ። ከኋላ ከከበደ መኪናውን እንደ ጅራት ያወዛውዘዋል።

ጎማ አዲስ፣ ትርፍ ጎማም ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ይህን ጨርሰህ፣ ሙሉ ዕቃ ጭነህ የመኪናው ጀርባ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ያኔ ስለ ባሌስትራው ጠይቀኝ።