ጥያቄና መልስ፦ በረዶን ቅርጽ ማውጫ አድርጎ አጥንት መሰል ቁስ መሥራት

መምህር፦ ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት ጥያቄ እቀበላለሁ። ሥራው ፍሪዝ ካስቲንግ (በማቀዝቀዝ ቅርጽ ማውጣት) ይባላል፤ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሴራሚክ ዱቄት ከውሃ ጋር ይደባለቃል (እኛ ሊጥ እንለዋለን)፤ ሊጡ ከታች ወደ ላይ ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ሳይቀልጥ በቫኩም ይወጣል፤ የቀረው በእቶን ይተኮሳል። ይህን ታውቃላችሁ ብዬ እነሳለሁ። ማስጠንቀቂያዬንም አስቀድሜ ልናገር፦ ሊጡ ከጎን አይቀዝቅዝ።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ መምህር፣ በረዶው ዱቄቱን ለምን ይገፋዋል? ቀዳዳዎቹስ ለምን እንደ ስስ ገጽ ይደረደራሉ?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የበረዶ ክሪስታል ባዕድ ነገር ወደ ውስጡ አያስገባም። የባሕር ውሃ ሲቀዘቅዝ ጨው ከበረዶው ተገፍቶ በየመካከሉ እንደሚጠራቀመው ሁሉ፣ እዚህም ዱቄቱ ከሚያድገው በረዶ ፊት እየሸሸ በመካከሉ ይታመቃል። ገጽታው ደግሞ የሚመጣው ከክሪስታሉ አስተዳደግ ነው። በረዶ በአንዱ አቅጣጫ የሚያድገው በሌላው ከሚያድግበት መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ፈጥኖ ስለሆነ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ስስ ገጾች ይሠራል። በረዶው ሲወጣ ባዶው ቦታ የእሱን መልክ ይዞ ይቀራል።

ዋናው ነገር የበረዶው ግንባር ፍጥነት ነው። ከፈጠነ ቀዳዳው ይጠባል፤ ከዘገየ ይሰፋል። እጅግ ከፈጠነ በረዶው ዱቄቱን ይውጠዋል፤ እጅግ ከዘገየ ዱቄቱን በሙሉ ወደ ላይ ገፍቶ ይከምረዋል። በሁለቱ መካከል ነው የምንሠራው። ሊጡ ከሚቆምበት ቀዝቃዛ መዳብ ጋር የሚነካካው የታችኛው ጫፍ ምንጊዜም ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ቆርጣችሁ ጣሉት።

በ2006 እ.ኤ.አ. በላውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ዴቪል፣ ሳይዝና ቶምሲያ በዚህ መንገድ ከሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን ዓይነት) የሠሩት ቁስ 47 በመቶው ቀዳዳ ሆኖ ሳለ እስከ 145 ሜጋፓስካል የሚደርስ ጫና ችሏል። ወደ ጥቅጥቅ አጥንት የሚጠጋ ነው። ዱቄቱ ሌሎችም የሚጠቀሙበት ዱቄት ነው፤ ጥንካሬውን ያመጣው አደራደሩ ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ፍሪዝ ካስቲንግ በዝርዝር ቢያስረዱን?

መምህር፦ የትኛውን ክፍል? ከላይ ያለውን አንብበህ ያልገባህን ነጥለህ ጠይቅ።

ከጅማ፦ በቤት ፍሪዘር መሞከር ይቻላል?

መምህር፦ ማቀዝቀዙን መለማመድ ይቻላል። ነገር ግን ፍሪዘር ከስድስቱም በኩል ያቀዘቅዛል፤ በረዶው ከየአቅጣጫው መጥቶ መሐል ላይ ይጋጫል፣ አደራደሩም ይበላሻል። ቅርጽ ማውጫውን መዳብ ወይም አሉሚኒየም ላይ አቁመህ ጎኑንና አናቱን በወፍራም ፎም ሸፍን። ከጎን አይቀዝቅዝ። ማድረቁ ግን በቤት አይሆንም። ከ611 ፓስካል በታች የሚወርድ ቫኩም ያስፈልጋል፤ በረዶው ከቀለጠ ሁሉም ይፈርሳል።

ባለ ማተሚያው፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የፈለጉትን ቅርጽ ማውጣት ይቻላል።

ሸክላ ሠሪዋ፦ የእርስዎ ማተሚያ አሥር ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር መቶኛ) የሚወፍር ግድግዳ በሺህ የሚቆጠር ደርድሮ ያትማል?

ባለ ማተሚያው፦ የቀዳዳውን መጠን ግን በትክክል እወስናለሁ። በረዶ እንደፈለገው ነው የሚሄደው።

ሸክላ ሠሪዋ፦ እንደፈለገው የሚሄደው ለማያውቅበት ነው።

መምህር፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ለየብቻ ተከራከሩ። በረዶ እንደፈለገው አይሄድም፣ ቅዝቃዜውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ከጎን አይቀዝቅዝ የምለው።

ነርሷ፦ የአጥንት ሕዋሳትና የደም ሥሮች ገብተው ያድጉበታል? አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ይጠቅማት ይሆን?

መምህር፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የአክስትሽን ነገር ሐኪሟ ይወስን፤ በቤተ ሙከራ የምንሠራው ሰው ላይ የሚገባ አይደለም። ሁላችሁም ይህን ያዙ። ስለ ሕዋሳቱ ግን ትልቁን ችግር ነክተሻል። አጥንት በደንብ እንዲያድግበት ከመቶ ማይክሮሜትር የሚበልጥ ቀዳዳ ይፈለጋል፤ በውሃ የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይጠባል። ስለዚህ ቀስ ብለን እናቀዘቅዛለን፤ ወይም በውሃ ፋንታ እንደ ካምፊን ያለ ሌላ ፈሳሽ እንጠቀማለን።

የመካኒክስ ተማሪ፦ ናሙናዬ እቶን ውስጥ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መምህር፦ ምን ዱቄት? ስንት በመቶ? ሙቀቱ በደቂቃ ስንት ይጨምራል? እንዲህ ተጠይቆ መመለስ አይቻልም።

የመካኒክስ ተማሪ፦ ይቅርታ። ሃይድሮክሲአፓታይት፣ በይዘት 20 በመቶ፣ አጣባቂው ፖሊቪኒል አልኮል፣ በደቂቃ 10 ዲግሪ እስከ 1300።

መምህር፦ አሁን ገባኝ። አጣባቂው እየተቃጠለ ጋዝ ሲሆን መውጫ ጊዜ አልሰጠኸውም። እስከ 600 ዲግሪ በደቂቃ 1 ዲግሪ ብቻ ጨምር፣ እዚያ አንድ ሰዓት አቆየው፣ ከዚያ ቀጥል። ከ1300 አትለፍ፤ ዱቄቱ ወደ ሌላ ፎስፌት መፈራረስ ይጀምራል።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ 145 ሜጋፓስካል ከቻለ የጭን አጥንትን ይተካል ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም። ጫና መቻል ሌላ፣ ስንጥቅን መቋቋም ሌላ። ማዕድኑ ብቻውን እንደ ብርጭቆ ነው፤ አጥንትን ከስብራት የሚያድነው ከማዕድኑ ጋር የተሸመነው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የበርክሊ ተመራማሪዎች በበረዶ የተሠራ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) ውስጥ አክሪሊክ ፕላስቲክ ሞልተው፣ ስንጥቅ ለመስፋፋት የሚፈልገውን ኃይል ከሁለቱ ቁሶች ከ300 እጥፍ በላይ ከፍ አድርገውታል። ቀዳዳውን መሙላት ግን ሕዋስ የሚገባበትን ቦታ መዝጋት ነው። ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ አንተም ብትገባበት ደስ ይለኛል።

ሌላ አዲስ ገቢ፦ ሊጡን ፍሪዘር ውስጥ ሌሊቱን ባሳድረውስ?

መምህር፦ ለከጅማ የመለስኩትን አንብብ። ጎኑን ሸፍን።